አቤ ጉበኛ አንባቢውን ከየት አመጣው?

የመጀመሪያ መጽሐፌን ያሳተምኩት በራሴ ገንዘብ ነው። በራሴ ስል ግማሹ የወንድሜ፣ ግማሹ የዕቁብ። አንድ ሺህ ቅጂ አሳተምኩና አንድ አከፋፋይ ጋ ሄድኩ። ከሽፋኑ ዋጋ አርባ በመቶውን እሱ ሊወስድ፣ የቀረውን ደግሞ መጽሐፉ ሲሸጥ ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ሆነ። መቼ ይሸጣል? እሱን ማንም አያውቅም። ሁለት መቶውን ብቻ ሰጥቼው የቀረውን በካርቶን አሰርኩና አውቶቡስ ላይ ጭኜ ወደ ሀገሬ ገባሁ።

ሀገሬ ብቸና ነው። ሃይስኩል የተማርኩት ግን ሞጣ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ሁለቱም ከተማ ሰው ያውቀኛል። እዚያ ካልተሸጠ የትም አይሸጥም ብዬ ነበር ስነሳ። ብቸና ላይ በሦስት ቀን አሥራ ሁለት ሸጥኩ፤ ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ዘመድ ናቸው። አንድ አጎቴ ገዝቶኝ ሲያበቃ ልጆቹ አዲስ አበባ ስለሆኑ ማን ያነብልኛል ብሎ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ።

ሞጣ ስደርስ የድሮ የአማርኛ መምህሬን ልጠይቅ ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። መጽሐፌን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፣ አገላብጠው አዩት፣ መረቁኝ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ በኩራት አንድ ነገር አሳየኋቸው። መጽሐፌን የገዛኝን ሰው ሁሉ ስም ከነስልክ ቁጥሩ እየመዘገብኩ ነበር። ስልሳ ሦስት ሰው ሞልቷል። ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ለእነዚህ ነው የምደውለው፣ በቴሌግራምም የምልክላቸው። መምህሬ ዝርዝሩን በመነጽራቸው ከላይ እስከ ታች አዩና አቤ ጉበኛ ስልክ አልነበረውም ብለው ሳቁብኝ።

እውነት ለመናገር ስለ አቤ የማውቀው ፈተና ላይ የሚመጣውን ያህል ነበር። «አልወለድም»ን የጻፈ፣ መጽሐፉ የታገደበት፣ በቃ። ያን ቀን ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስለ እሱ ስናወራ ዋልን። ከዚያ ወዲህም ያገኘሁትን ሁሉ እየለቃቀምኩ አነበብኩ። ምክንያቱም ይኼ ሰው የእኔን ችግር ከእኔ ስልሳ ዓመት ቀድሞ፣ ከእኔ በባሰ ሁኔታ ኖሮታል።

አቤ የተወለደው በ1920ዎቹ አጋማሽ ጎጃም ውስጥ፣ አቸፈር ነው። እንደ ዘመኑ ብዙ የጎጃም ልጅ መጀመሪያ የገባው ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ቅኔም ተምሯል። ይቺን ቅኔ የምትለዋን ነገር ዝም ብላችሁ አትለፏት። የእኛን አካባቢ ሰው ከጠየቃችሁ ከብቸና ብዙ ሳትርቁ ዲማ ጊዮርጊስን ያሳያችኋል፤ ስመ ጥር የቅኔ ደብር ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ አይችልም። ዛሬ አዲስ መቁጠር አለበት፤ የኔታ ፊት፣ ጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይዘርፈዋል፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ እዚያው ይነገረዋል። አድማጭ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ሲሰለቸው እያየህ መጻፍ መማር ማለት ነው። ዛሬ ቲክቶክ ላይ ሰው ቪዲዮህን ስንተኛዋ ሴኮንድ ላይ ጥሎ እንደሄደ ታያለህ አይደል? ቅኔ ቤት ይኼ ነገር በመቶዎች ለሚቆጠር ዓመት ነበር። ልዩነቱ የኔታ ዱላም አላቸው።

ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ተማረ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ በጋዜጠኝነት ሠራ፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ተቀጥሮ ነበር። የመንግሥት ሥራ በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ከባላገር ቤት የወጣ ልጅ ደሞዝተኛ ሆነ ማለት ዘር ማንዘሩ ተሻገረ ማለት ነበር። አቤ ይህንን ትቶ በብዕሩ ብቻ ልኑር አለ። ሀገራችን ውስጥ በመጻፍ ብቻ ለመተዳደር ከሞከሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው።

እብደት ነው። ለምን እብደት እንደሆነ ላስረዳ።

አንደኛ ነገር፣ ደራሲን ፈልጎ የሚያሳትም ድርጅት እንዳሁኑ እንኳ አልነበረም። ኩራዝ አሳታሚ የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ደራሲው ራሱ ረቂቁን ተሸክሞ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ብርሃንና ሰላም አለ፣ አርቲስቲክ አለ፣ ተስፋ ገብረ ሥላሴ አለ። ዋጋ ይደራደራል፣ ይከፍላል፣ ሲታተም ይረከባል፣ ቤቱ ያከማቻል፣ ለሱቅ ያድላል፣ ገንዘቡን ሊሰበስብ ይመላለሳል። ከአብዛኞቹ የዘመኑ ደራሲዎች ኋላ ይህ አድካሚ መንገድ አለ። እኔ አዲስ ነገር የፈጠርኩ መስሎኝ ነበር እኮ፣ ካርቶን ስሸከም!

ሁለተኛው ይብሳል። አንባቢው የት አለ? አብዮቱ እስኪመጣ ድረስ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከአሥር ሰው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር ይባላል። የብቸና ገበያ ላይ ቅዳሜ ከተሰበሰበው ሕዝብ ስንቱ ፊደል ይቆጥር እንደነበር አስቡት። የቆጠረውም ዳዊትና ውዳሴ ማርያም እንጂ ልቦለድ ልግዛ አይልም። ተስፋ ገብረ ሥላሴ የዚህ ነገር ብልሃት ገብቷቸው ከሥር ነው የጀመሩት፤ ፊደል ገበታውን ራሱን አትመው ሸጡ። መጀመሪያ አንባቢን መሥራት ነዋ። እኔ በበኩሌ በኢትዮጵያ የኅትመት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብልህ ሥራ አላየሁም።

አቤ ያገኛቸው እንግዲህ በእነዚያ ፊደል ገበታዎች የወጡትን ነው። ተማሪ፣ መምህር፣ ጸሐፊ፣ ፖሊስ፣ ወታደር፣ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ከተማ የገባ ደብተራ። ጥቂት ናቸው፤ ግን አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል ከገጠር የመጡ፣ ባለርስቱና ሹሙ ቤተሰባቸውን ሲያደርግ የነበረውን እያዩ ያደጉ፣ ከተማ ገብተውም በሹክሹክታ ካልሆነ የማያወሩት ሰዎች ነበሩ።

በ1955 «አልወለድም» ወጣ። ታሪኩ ገና በርዕሱ ያስደነግጣል። እናቱ ሆድ ውስጥ ያለ ሕፃን እንዲህ ባለ ዓለም አልወለድም ብሎ ይከራከራል። ለአንባቢው ይኼ ምን እንደሆነ መምህሬ ሲነግሩኝ ነው የገባኝ። በሰሙ የጽንስ ወሬ ነው። ወርቁን ግን ማንም ሰው፣ ቅኔ ቤት ያልዋለውም፣ ያገኘዋል። ሰው በቤቱ በሩን ዘግቶ የሚለውን አቤ በአደባባይ አሳተመው።

ወርቁ ለመንግሥትም አልጠፋውም። መጽሐፉ ታገደ፣ ተሰበሰበ፣ ተቃጠለ። አቤም በኋላ ወደ ኢሉባቦር ተግዞ ዓመታት እዚያ ቆየ።

እስቲ እንደ ራስ አሳታሚ ሁናችሁ አስቡት። ሥራ ለቅቀሃል። ለማተሚያ ከፍለሃል። ያተምከው እሳት ገባ። እኔ ሁለት መቶ ቅጂ አከፋፋይ ጋ ስለቀረብኝ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ። አቤ ግን በዓመቱ፣ በ1956፣ «መልክዓም ሰይፈ ነበልባል»ን ይዞ ተመልሶ መጣ። ርዕሱ ራሱ ሰው አፍ ላይ የሚቀር ነው። ፍትሕ አዋቂ የሆነ መሪ ቢኖረን ብሎ የሚያልም ልቦለድ ነው፤ በዚያ ሰዓት እንዲህ ያለ ሕልም ራሱ ወቀሳ ነው። ሰውም ገዛው። የገዛው ምን እንዳለበት አንብቦ አይደለም፤ ሽፋኑ ላይ አቤ ጉበኛ የሚል ስም ስላለ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አሰብኩ። የታገደው መጽሐፍ ከእጁ ጠፍቷል፣ ገንዘቡም ጠፍቷል። አንባቢው ግን አልጠፋም። እንዲያውም መጽሐፉን ያላገኘው ሰው ስሙን ያዘ፣ ቀጣዩን ጠበቀ። እኔ ስልኬ ላይ ስልሳ ሦስት ቁጥር ስመዘግብ የምፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ቀጣዩን የሚጠብቅ ሰው። አቤ ያንን ያገኘው አንድ አደገኛ ነገር በመናገርና በሚቀጥለው መጽሐፍ ላይ አለመመለስ ነው። ቀላል መንገድ ነው አላልኩም።

አጻጻፉስ? እዚህ ላይ ከመምህሬ ጋር ተከራከርን። ሐያስያን አቤ ይሰብካል ይላሉ፤ እኔም አነበብኩት፣ ይሰብካል። ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ጊዜ የእሱን ንግግር ተከፋፍለው የሚናገሩ ይመስላሉ። በአንድ ገጽ ማለቅ የሚችለውን ሦስት ገጽ የሚያስኬድበት ጊዜ አለ። መምህሬ ግን መጽሐፉ እንዴት እንደሚነበብ አላወቅህም አሉኝ። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ ብቻህን፣ በዝምታ አታነበውም ነበር። አንዱ ያነባል፣ አምስት ስድስት ሰው ፋኖስ ከቦ ይሰማል። የማያነብ አባትም፣ ሠራተኛም፣ ጎረቤትም አለበት። ለሚሰማ ሰው ደግሞ ደገም ደገም አድርጎ መናገር ግድ ነው፤ ሰባኪም፣ አዝማሪም፣ ሽማግሌም የሚያደርጉት ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ «አልወለድም»ን ጮክ ብዬ አነበብኩት። እውነት ነው፣ ሌላ መጽሐፍ ሆነ።

መምህሬ ራሳቸው «አልወለድም»ን ያገኙት ተማሪ ሳሉ ነው፣ በታገደበት ዘመን። ለአንድ ሌሊት ተሰጣቸው፤ ሲነጋ ለሌላ ሰው መተላለፍ ነበረበት። በኩራዝ መብራት ሲያነቡ አደሩና ጠዋት የወሰደውን ልጅ ስም እስከ ዛሬ አልነግርህም አሉኝ። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው! ምስጢሩ ግን ምስጢር ነው።

ብቸናና ሞጣ በእነዚያ ዓመታት ሌላ ታሪክም ነበራቸው። በ1960 መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያመጣ የጎጃም ገበሬ እምቢ አለ፤ ብቸና፣ ሞጣና ዳሞት ዋናዎቹ ነበሩ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ቦንብ ጣለ። መጨረሻ ላይ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ግብሩም ቀረ። ይህን ሳነሳ የአቤ መጽሐፍ ገበሬውን አነሣሣው ለማለት አይደለም፤ ገበሬው መጽሐፍ አላስፈለገውም፣ አብዛኛውም አያነብም። ግን የዚያ ገበሬ ልጅ ሞጣና ብቸና ትምህርት ቤት ተቀምጧል። አቤ የሚጽፍለት ለእሱ ነበር። በ1961 ስለ አፄ ቴዎድሮስ የጻፈው «አንድ ለእናቱ» ሲወጣ ያ ልጅ ቤተሰቡ ላይ የደረሰውን አይቶ ነው መጽሐፉን የሚከፍተው።

አሁን አንድ ሰው ብቸናን ጠቅሰህ ሐዲስ አለማየሁን እንዴት ትዘላለህ ሊለኝ ይችላል። አልዘልም። ክቡር ዶክተር ሐዲስም ጎጃሜ ናቸው፣ ዲማ ተምረዋል፣ በ1958 ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ የሚኖሩት እዚያው ዲማ ነው። የእሳቸው አንባቢ ግን የተስፋፋው በሌላ መንገድ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። እናቴ ፊደል አትቆጥርም፤ በዛብህን ግን እንደ ጎረቤት ልጅ ታውቀዋለች። ሐዲስ አምባሳደርም ሚኒስትርም ነበሩ፤ መጽሐፍ ባይሸጡም ይበላሉ። አቤ ካልሸጠ አይበላም። ሁለቱን ሳነጻጽር ስለ ጥበቡ ማውራቴ አይደለም። በጥበቡ ሐዲስ እንደሚበልጡ መምህሬም አልተከራከሩኝም። አንባቢን ፍለጋ በር ለበር መዞሩን ግን የሚያውቀው አቤ ነው።

ብቻ ልቦለድ ብቻ አልነበረም የሚጽፈው። ተውኔት ጻፈ፤ «የሮም አወዳደቅ»፣ «የፓትሪስ ሉሙምባ አሳዛኝ አሟሟት»። የኮንጎው መሪ በተገደለ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው ይኼ፤ የሰውን ወሬ ሳይበርድ ያዘው። «ጎብላንድ አጭበርባሪው ጦጣ» አለ፤ ርዕሱ የልጆች ተረት ይመስላል፣ ሲገቡበት ግን ሌላ ነው። ከአንድ ዓይነት አንባቢ ጋር አልተጣበቀም። እኔ በሁለተኛው መጽሐፌ ምን ልጻፍ እያልኩ ስጨነቅ እሱ አንዱ መንገድ ሲዘጋበት በሌላው ይመጣ ነበር።

በ1966 አሜሪካ ሄደ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የዓለም ደራሲዎች የሚሰባሰቡበት ፕሮግራም ላይ። በእንግሊዝኛም ጽፏል። አሜሪካ ከመሄዱ በፊት «ዘ ሳቬጅ ገርል» የሚል ተውኔት ነበረው፤ ኋላ ደግሞ ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን «ዲፋያንስ» የሚለው ልቦለዱ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። አስቡት፣ ዕድሜ ልኩን ማተሚያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ለአንድ ጊዜ ሌላ ሰው አሳተመለት። ይሁን እንጂ ዛሬ ሞጣ ላይ ስለ «ዲፋያንስ» ብትጠይቁ የሚያውቅ ታገኛላችሁ ብዬ አልወራረድም። «አልወለድም»ን ግን የሊስትሮው ልጅም ሰምቶታል።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው፤ ሲያሳዝን። አብዮቱ መጣ። በ1971 መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ብቸናም ሞጣም፣ ገጠሩም ሁሉ፣ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ፊደል ቆጠሩ። በሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ አንባቢ እየተፈጠረ ነበር። አቤ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የኖረው ሕዝብ ገና «ሀ ሁ» እያለ ሳለ እሱ በ1972 አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። አሟሟቱ እስካሁን ሰው የሚነጋገርበት ነው።

ወደ ሞጣ ልመለስ። ልነሳ ስል መምህሬ ቆይ አሉኝና ከመደርደሪያው ላይ ሽፋኑ በካኪ ወረቀት የተለበጠ መጽሐፍ አወረዱ። «አንድ ለእናቱ» ነው፣ የድሮ። ወጣት መምህር ሆነው ሞጣ ሲመደቡ በሻንጣቸው ይዘውት መጡ። የመጨረሻውን ነጭ ገጽ ገልጠው ሰጡኝ። በእርሳስ፣ በደቃቃ ጽሑፍ፣ ከላይ እስከ ታች የሰው ስም ነው። የተዋሰው ሰው ስም፣ ከጎኑ የወሰደበት ቀን፤ ሲመልስ በመስመር ይሰረዛል። ቆጠርኩት፤ አርባ አንድ ስም። ቦታ ሲያልቅ በኅዳጉ ላይ ወደ ጎን ዞሮ ተጽፏል። አንዳንዱን ስም አወቅሁት፤ አንዱ አሁን ከተማው ውስጥ እህል ነጋዴ ናቸው፣ አንዷ እኔን ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ናቸው። ሦስቱ ስም አጠገብ መስቀል አለ። መጽሐፉን ሳይመልሱ የሞቱ ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አይ፣ መልሰው ነው፣ ኋላ ነው የሞቱት አሉኝ፤ በዘመቻም፣ በጦርነትም።

አንድ ቅጂ ነው እንግዲህ ይህ። አቤ ከዚህ ቅጂ ያገኘው የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ብቻ ነው።

እርሳስ አምጥተው ከኅዳጉ ጥግ ስሜን ጻፉ፣ ቀኑንም ጻፉ፤ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። የእኔን መጽሐፍ ደግሞ አንሥተው የመጨረሻውን ገጽ አዩ። ማተሚያ ቤቱ ወረቀት ልቆጥብልህ ብሎኝ እዚያ ገጽ ላይ ማስታወቂያ አትሞበታል። መምህሬ ምንም አላሉም። ከጠረጴዛው መሳቢያ ነጭ ወረቀት አወጡና በልኩ ቆርጠው በሙጫ ሲለጥፉበት ትቻቸው ወጣሁ።